መሬቱ ወዴት ሄደ?

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ተደራራቢው አልጋዬ ሲወዛወዝ ነቃሁ። ከላይ የምትተኛው ልጅ የምትገላበጥ መስሎኝ «ኧረ ተይ!» አልኳት። እሷ ደግሞ እኔ የነቀነቅኩት መስሏት «አንቺ ነሽ እንዴ?» አለችኝ። በዚህ መሃል ሎከሩ ላይ የተንጠለጠለው ቁልፍ ማንም ሳይነካው ሲንቀጫቀጭ ሰማን። ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ በኋላ የሆነውን የዚያን ሌሊት ግቢ ውስጥ ያደረ ሁሉ ያውቀዋል። ብርድ ልብስ የደረበ፣ ነጠላ ያጣፋ፣ በባዶ እግሩ የወጣ፣ ሁሉም ደረጃውን እየዘለለ ወርዶ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ።

ሜዳው ላይ ቆመን የሁላችንም ጥያቄ አንድ ነበር፤ «በሬክተር ስንት ነው?» ሁሉም ስልኩን ይነካካል። አንዱ «5.7 ነው» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ 5.8 ነው» ብሎ ይከራከራል። ቁጥሩ ሲመጣ ግን ሁላችንም ትንሽ ተረጋጋን፤ ነገሩ የገባን መሰለን። ያኔ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ስለ ዜና ምንነት ገና ሁለት ምዕራፍ አንብቤ ራሴን እንደ ጋዜጠኛ መቁጠር ጀምሬያለሁ።

በዋዜማው ከአፋር፣ ዶፈን ከሚባለው ተራራ አካባቢ፣ ከመሬት ስንጥቅ ጭስ የሚመስል ነገር እየተምዘገዘገ ሲወጣ የሚያሳይ ቪዲዮ በየስልኩ ሲዘዋወር ውሏል። አንድ ልጅ ያንን ቪዲዮ አሳየኝና «ይኸው ፈነዳ እኮ!» አለኝ። እኔም ጊዜ አላጠፋሁም። የክፍላችን የቴሌግራም ገጽ ላይ «ሰበር ዜና! ዶፈን ፈነዳ! እሳቱ ወደ መተሐራ እየወረደ ነው!» ብዬ ጻፍኩ። «እየወረደ ነው» የሚለውን ማን እንደነገረኝ ዛሬም ድረስ አላውቀውም፤ ከራሴ ፍርሃት ነው ያመጣሁት።

ቀጥሎ ወደ መተሐራ ደወልኩ። መተሐራ እናቴን የምታስከነዳ አክስት አለችኝ። እቴቴ ነው የምላት። እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሳደገችኝ እሷ ናት። ወደ ጅቡቲ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር ሻይ ቤት አላት፤ ደንበኞቿ የከባድ መኪና ሾፌሮች ናቸው። «እቴቴ፣ ዶፈን ፈንድቷል! እሳቱ ወደ እናንተ እየመጣ ነው! አሁኑኑ ውጪ!» አልኳት። «ማን አለ?» አለችኝ። «ዜና ነው እኮ!» አልኳት። ዜናው የራሴ ነበር።

እቴቴ አመነችኝ። ኮሌጅ የገባች ልጇ ናትና ለምን አታምነኝም? በሩን እንኳ በደንብ ሳትቆልፍ መንገድ ወጣች፤ ሰው ወደ አዳማ ሲጭን ያገኘችው አይሱዙ ላይ በጨለማ ስትሳፈር እግሯ አዳልጧት ወደቀች። በቀኝ እጇ ነበር መሬቱን የተመረኮዘችው። አዳማ ዘመድ ቤት ሆና ወጌሻ አሻት፤ ቆየት ብላም ሐኪም አየችው። እጇ ዳነ ይባላል። ሻይ ስትቀዳ ግን ይንቀጠቀጣል።

እውነቱ ሲጣራ ከመሬት የወጣው እንፋሎትና ጋዝ፣ ጭቃና ድንጋይ የቀላቀለ ነገር ነበር። ወደ መተሐራ የወረደ እሳት አልነበረም። ዶፈን ራሱ ከመተሐራ ወደ ሰሜን ራቅ ያለ ነው። በእርግጥ ፍርሃቱ ውሸት አልነበረም፤ መሬቱ ለሳምንታት እየተንቀጠቀጠ ቤቶች ፈርሰዋል፣ መንገድ ተሰንጥቋል፣ መንግሥትም ወደ ሰማንያ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ከአካባቢው ማንሳት ጀምሮ ነበር። ስለዚህ እቴቴ መውጣቷ ስህተት ነበር አልልም። እኔ ግን ያልሆነውን ሆነ ብዬ ነገርኳት። ጠዋት ላይ ነገሩ ሲገባኝ ደግሞ ከዚያ የባሰ አደረግኩ፤ ከቴሌግራሙ ላይ የጻፍኩትን ዝም ብዬ አጠፋሁት። «ተሳስቻለሁ» የሚል አንዲት ቃል አልጻፍኩም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? እንዲያ ነው የሆነው።

ጥር መጨረሻ ላይ እቴቴ ወደ ቤቷ መመለሷን ሰምቼ ልጠይቃት ሄድኩ። ስለ እጇ ይቅርታ ልጠይቃት አስቤ፣ በየመንገዱ ንግግሬን ሳዘጋጅ ነው የደረስኩት። እሷ ግን ገና ከመግባቴ እጄን ይዛ ወደ ሻይ ቤቱ ወለል ወሰደችኝ። ሲሚንቶው ከበሩ ሥር እስከ ምድጃው ድረስ ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ አንዳንድ ምስማር ተመትቷል። «አናጢው ነው የመታልኝ» አለችኝና የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥታ ከአንዱ ምስማር ራስ እስከ ሌላው ለካች። ከዚያ የዱቤ ደብተሯን ገለጠች። የሾፌሮቹ ዕዳ ከተጻፈበት ገጽ ጀርባ ላይ እንዲህ ይላል፤ «ማርያም — 12.4። መድኃኔዓለም — 12.4።»

«ምን እያደረግሽ ነው እቴቴ?» አልኳት።

«መሬቱ እየሄደ እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነዋ! አንቺ ስንት ስንት እንደሆነ ትነግሪኛለሽ። አምስት ነጥብ ምናምን። እሱ ምን ያደርግልኛል? መንቀጥቀጡንማ እኔም አውቄዋለሁ፤ ብርጭቆዬ ነው የረገፈው። እኔ ማወቅ የምፈልገው መሬቱ ወዴት እንደሄደ ነው። ወዴት ሄደ ልጄ?»

መልስ አልነበረኝም። ይቅርታውንም ሳልጠይቅ ተመለስኩ።

ጥያቄው ግን አብሮኝ ተመለሰ። የዚያን ሌሊት ሜዳው ላይ ከነበርነው በመቶ የምንቆጠር ተማሪዎች አንዳችንም እንዲህ ብለን አልጠየቅንም። ዜናዎቹንም መለስ ብዬ ሳያቸው ሁሉም ስለ መንቀጥቀጡ ነው የሚያወሩት። መንቀጥቀጥ ያልፋል። መሬቱ ተንቀጥቅጦ ሲያበቃ መጀመሪያ ከነበረበት ቦታ ተመለሰ ወይስ ሌላ ቦታ ቀረ? ይህ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ የሚለካውም በሌላ መሣሪያ ነው።

በመጀመሪያ ያስረዳኝ ሰፈራችን ያለ የመንገድ ሥራ ሰርቬየር ነው። ጋሼ እለዋለሁ። ስለ እቴቴ ምስማሮች ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱ ኮስተር አለ። «አክስትሽ ጎበዝ ናት። ዘዴው ትክክል ነው፤ ሁለት ነጥብ ይዘሽ በፊትና በኋላ መለካት። አንድ ችግር ግን አለው። ሁለቱም ምስማሮች ያሉት ያው መሬት ላይ ነው። መሬቱ ሻይ ቤቱን፣ ምስማሩን፣ አክስትሽን፣ ሜትሩንም ጭምር ተሸክሞ አብሮ ቢሄድ በምን ታውቃለች?»

እውነቱን ነው። ስንጥቁ ራሱ የወለሉ ሲሚንቶ ደካማ ሆኖ የመጣ ሊሆን ይችላል። መተሐራ ከነነዋሪዋ አንድ ሜትር ወደ ምሥራቅ ብትሄድ የእቴቴ ሜትር 12.4 ከማለት አይመለስም። መሬት መንቀሳቀሱን ለማወቅ መሬት ላይ ያልቆመ ምስክር ያስፈልጋል። ያ ምስክር ሰማይ ላይ ነው ያለው።

ጂ.ፒ.ኤስ የምንለው ነገር ስልካችን ላይ ሁላችንም አለን። አሜሪካኖች የዘረጉት የሳተላይት መረብ ነው፤ የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮ እና የቻይናው ቤይዱም እንደዚሁ ይሠራሉ። የጂ.ፒ.ኤስ ሳተላይቶቹ ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይዞራሉ። እያንዳንዱ ሳተላይት እጅግ ትክክለኛ የሆነ አቶሚክ ሰዓት ይዟል፤ ሳያቋርጥም «እኔ እዚህ ቦታ ነኝ፤ ሰዓቱ ይህ ነው» የሚል መልእክት ወደ ምድር ይልካል። መልእክቱ በብርሃን ፍጥነት ተጉዞ እኛ ዘንድ ለመድረስ ከአንድ ሰከንድ መቶኛ ሰባት ያህሉን ይፈጃል። መቀበያው መልእክቱ የተላከበትንና የደረሰበትን ሰዓት አነጻጽሮ ርቀቱን ያሰላል። ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች ከሰማ ያለበትን ቦታ ያውቃል። ቀላል ይመስላል፤ ግን ሰዓቱ በአንድ ሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ብቻ ቢሳሳት ርቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ይሳሳታል።

ስልካችን በጥቂት ሜትሮች ይሳሳታል፤ ታክሲ ለመጥራት ይበቃል። የመሬትን እንቅስቃሴ የሚለኩት መቀበያዎች ግን ሌላ ናቸው። አንቴናቸው በጠንካራ ዓለት ላይ ተቆፍሮ ይተከላል። መልእክቱን ብቻ ሳይሆን መልእክቱን ተሸክሞ የሚመጣውን ሞገድ ራሱን ይቆጥራሉ። የአንዱ ሞገድ ርዝመት 19 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የሞገዱን ትንሽ ክፍልፋይ መለየት ሚሊ ሜትርን ወደ መለየት ያደርሳል። በላይኛው ከባቢ አየር በኩል ሲያልፍ የሚዘገየውን ደግሞ በሁለት የተለያዩ ሞገዶች አነጻጽረው ያርሙታል። ጋሼ ሥራ ቦታው ወስዶ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የተቀመጠ አንቴና አሳየኝና «ስልክሽ ቤትሽን ያገኛል፤ ይሄ ግን የቤትሽን በር እጀታ ያገኛል» አለኝ። እንዲህ ዓይነቱ መለኪያ ነው ስምጥ ሸለቆአችን በዓመት አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ እየሰፋ መሆኑን የሚነግረን። የእጅ ጥፍር በአንድ ወር ተኩል የሚያድገውን ያህል ማለት ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ እንምጣ። የዚያ ሌሊት መንቀጥቀጥ እኛን ከአልጋ ቢያስወርደንም በዓለም መለኪያ መካከለኛ ነው። በመጠን አንድ ቁጥር በጨመረ ቁጥር የሚወጣው ኃይል ወደ 32 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ 9.0 የሆነ ርዕደ መሬት ከ5.8 በስልሳ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። መሬቱ ወዴት እንደሄደ በሜትር የሚቆጠረው በእንዲህ ያሉት ላይ ነው። ከሁሉም በላይ በደንብ የተለካው ደግሞ የጃፓኑ ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011) በጃፓን ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ ከሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ባሕር በታች መጠኑ 9.0 የሆነ ርዕደ መሬት ተነሣ። ጃፓን ያኔ በአገሪቱ ሁሉ የተተከሉ ከ1,200 በላይ ቋሚ የጂ.ፒ.ኤስ ጣቢያዎች ነበሯት፤ መረቡ ጂኦኔት ይባላል። ለርዕደ መሬቱ ቅርብ በሆነው በኦሺካ ልሳነ ምድር ላይ የነበረው ጣቢያ 5.3 ሜትር ወደ ምሥራቅ ደቡብ ምሥራቅ ተጉዞ ተገኘ። የአንድ ሚኒባስ ታክሲ ርዝመት ያህል ነው። በተጨማሪም 1.2 ሜትር ሰመጠ። ከዚያ በኋላ በአካባቢው ባሉ የባሕር ዳር ከተሞች ማዕበል በሌለበት ቀን እንኳ ባሕሩ ከፍ ሲል ውኃ ወደ መንገድ ይገባ ጀመር። ባሕሩ ከልክ በላይ ሞልቶ ሳይሆን ምድሩ ዝቅ ብሎ ነው።

ባሕሩ ወለል ላይማ የባሰ ነበር። የሳተላይት ሞገድ ውኃ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የጃፓን የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አስቀድሞ ባሕሩ ወለል ላይ ድምፅ ተቀብለው የሚመልሱ መሣሪያዎችን አስቀምጦ ነበር። መርከብ ከላይ ሆኖ የራሱን ቦታ በጂ.ፒ.ኤስ ያውቃል፤ ወደ ታች ደግሞ ድምፅ ልኮ መልሱን ይጠብቃል። ከርዕደ መሬቱ በኋላ ሄደው ሲለኩ ከመነሻው በላይ የነበረው የባሕር ወለል 24 ሜትር ተንቀሳቅሷል፤ ሦስት ሜትር ያህልም ከፍ ብሏል። ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ በጎኑ ቢተኛ ነው 24 ሜትር የሚሆነው። ሱናሚውን ያስነሳው ይኸው ነው፤ ወለሉ ሲነሣ ከላይ ያለው ውኃም አብሮ ተነሣ።

ቶኪዮ ከዚህ ሁሉ ራቅ ያለች ናት። እዚያ ያለው የአገሪቱ የኬንትሮስና የኬክሮስ መነሻ ነጥብ ግን ከ27 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ተንቀሳቅሶ ተገኘ። ካርታው ሁሉ የሚለካበት ነጥብ ራሱ ሄደ ማለት ነው። ጃፓን በዚያው ዓመት ደንቡን ለውጣ ለነጥቡ አዲስ ቁጥር ሰጠችው። ይህን ሳነብ እቴቴ ትዝ አለችኝ። ምስማሩ ራሱ ከሄደ ደብተሩን ማረም ግድ ነው።

እስካሁን ያወራሁት «ወዴት ሄደ» የሚለውን ነው። ዜና ለምንማር ሰዎች ግን ከዚህ የሚከብደው «መቼ ታወቀ» የሚለው ነው። የጃፓን ሚቲዮሮሎጂ ኤጀንሲ ርዕደ መሬቱ በተነሣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ፍጥነቱ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው የተሠራው መጠኑ 7.9 ነው በሚል ግምት ነበር። እውነተኛው 9.0 ከዚያ በ45 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በዚህ ግምት መሠረት ለሚያጊ 6 ሜትር፣ ለኢዋቴና ለፉኩሺማ 3 ሜትር ማዕበል ይመጣል ተባለ። 3 ሜትር የሚለውን ሰምተው «የባሕሩ ግንብ ይመክተዋል» ብለው የቀሩ ሰዎች ነበሩ። ከ28 ደቂቃ በኋላ ግምቱ ለሚያጊ ከ10 ሜትር በላይ፣ ለሌሎቹ 6 ሜትር ተብሎ ታረመ። በዚያን ሰዓት ግን በብዙ ቦታ መብራት ጠፍቷል፤ እርማቱ ያልደረሳቸው ብዙ ናቸው። በዚያ ቀን አደጋ ከ18 ሺህ በላይ ሰዎች ሞተዋል ወይም ደብዛቸው ጠፍቷል።

ባለሙያዎቹ ሰንፈው አልነበረም። ርዕደ መሬት በጣም ትልቅ ሲሆን በፍጥነት የሚሠራበት የመጠን ስሌት ይጠግባል፤ ማለትም ከአንድ ልክ በላይ ቁጥሩ አልጨምር ይላል። ለትክክለኛው ስሌት የሚያስፈልጉት ረቂቅ መመዝገቢያዎች ደግሞ በቅርብ ርቀት የነበሩት ከልካቸው በላይ ተናውጠው መዝገቡ ተቆረጠ። በቃ፣ እንደ ጆሮ ነው፤ ጆሮህ ሥር ጥሩምባ ሲነፉብህ መጮሁን እንጂ ምን ያህል እንደጮኸ አትለይም። ጂ.ፒ.ኤስ ግን አይጠግብም። መሬቱ አንድ ሜትር ቢሄድ አንድ ሜትር፣ አምስት ሜትር ቢሄድ አምስት ሜትር ይላል። የቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዚያን ቀን የጣቢያዎቹን መረጃ በኋላ ሲያሰሉት፣ በቀጥታ ቢሠራበት ኖሮ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መጠኑ 8.7 መድረሱን ይናገር እንደነበር አሳዩ። ዛሬ ጃፓን ይህን ስሌት በቀጥታ የሚሠራ ሥርዓት አላት።

ከዚያ ስድስት ዓመት በፊትም ይኸው ነገር ሆኖ ነበር። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2004) ሱማትራ አጠገብ ርዕደ መሬት ሲነሣ ሃዋይ ያለው የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ማዕከል በመጀመሪያ ያወጣው ቁጥር 8.0 ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ 8.5 ሆነ፤ ከ9 በላይ መሆኑ የታወቀው ከዚያም ዘግይቶ ነው። ያ ማዕበል ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሰው ጨርሶ ወደ እኛ ጎረቤት ሶማሊያም ደረሰ፤ ሃፉን የምትባለዋን የዓሣ አጥማጆች መንደር ያወደመው ከሰዓታት ጉዞ በኋላ ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ብሌዊትና ባልደረቦቹ በወጣ ጥናታቸው፣ ያኔ በአካባቢው ከነበሩ የጂ.ፒ.ኤስ ጣቢያዎች የተገኘው የ15 ደቂቃ መረጃ ብቻ ትክክለኛውን መጠን ለማወቅ ይበቃ እንደነበር አሳይተዋል። መረጃው ነበር። በዚያ ሰዓት የሚያነበው ሥርዓት ግን አልነበረም።

በጃፓኑ ታሪክ ውስጥ እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ በኋላ የመጣው ነገር ነው። ኤጀንሲው ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ አሠራሩን ቀየረ። ርዕደ መሬቱ እጅግ ትልቅ ሆኖ መጠኑ ወዲያው መታወቅ ካልቻለ፣ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የማዕበሉን ከፍታ በሜትር አይናገርም። «ግዙፍ» ብቻ ይላል። ቁጥሩ የሚሰጠው በኋላ ሲታወቅ ነው። እስቲ አስቡት፤ በዓለም ላይ ከሁሉ የተሻለ መሣሪያ ያላቸው ሰዎች «ገና አላወቅነውም፤ ግን ሽሹ» ማለትን ተማሩ። እኔ ግን የዚያን ሌሊት በእጄ ከአንድ ቪዲዮ በቀር ምንም ሳይኖር እሳቱ የሚወርድበትን አቅጣጫ ሳይቀር ተናግሬያለሁ። «እቴቴ፣ ምን እንደሆነ አላወቅኩም፤ ግን ከቤት ወጥተሽ ሜዳ ላይ ሁኚ» ብላት ኖሮ ያው ትጠነቀቅ ነበር፤ እጇም ባልተሰበረ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጂ.ፒ.ኤስ የሚናገረው ከአደጋው በፊት ከተተከለ ብቻ ነው። በፊት የት እንደነበረ ካልታወቀ አሁን ያለበትን ማወቅ ምንም አይነግረንም። የእኛው አገር ለዚህ ምስክር ነው። መስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ ምድር ለሁለት ተከፍሎ፣ በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ላይ ቅልጥ ዓለት ከሥር ሲገባ መሬቱ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተራራቀ። ይህ የታወቀው በዋናነት ከላይ በሚያልፉ ሳተላይቶች የራዳር ምስል ነው፤ በፊት የተነሣው ምስል ስለነበረ በኋላ ከተነሣው ጋር ተነጻጸረ። አካባቢው ላይ የጂ.ፒ.ኤስ መሣሪያዎች የተተከሉት ከዚያ በኋላ ነው፤ እነዚያም በቀጣዮቹ ዓመታት የተከተሉትን መሰንጠቆች መዘገቡ። አንድ አንቴና ዓለት ላይ ተክሎ ምንም በማይሆንባቸው ዓመታት ሁሉ መጠበቅ ለዜና የሚሆን ነገር አይደለም። ሆኖም ከዚህ የበለጠ ሥራ ያለ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ለእቴቴ በስልክ አስረዳኋት። ሳተላይቱን፣ ሰዓቱን፣ ጃፓንን። ዝም ብላ ሰምታኝ «ታዲያ የእኔ ምስማር ከንቱ ነው?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። ምስማሩ መሬቱ ወዴት እንደሄደ አይነግርሽም፤ ወለልሽ እየተከፈተ መሆን አለመሆኑን ግን ይነግርሻል። ለመተኛትና ላለመተኛት የሚያስፈልግሽ እሱ ነው። ከዚያ ይቅርታ ጠየቅኳት። በስልክ መሆኑ ያሳፍራል፤ ግን ፊቷን እያየሁ አልቻልኩም ነበር። «እጄን ነው የምትይው? እሱማ ዳነ» አለችና ወሬ ቀየረች።

ጽሑፌን ከመዝጋቴ በፊት ወደ ኋላ ልመለስ። ምስማሮቹን አይቼ ከተመለስኩ በኋላ፣ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ሌላ መጣ። ይህኛው 6.0 ነበር፤ ከታኅሣሡ ይበልጣል። እንደገና ሜዳው ላይ ወጣን፤ እንደገና «ስንት ነው?» ተባለ። እኔ የዚያን ሌሊት ምንም አልጻፍኩም። እቴቴ ጋ ደወልኩ፤ ሜዳ ላይ ከጎረቤት ጋር መሆኗን ነግራኝ ዘጋች። ጠዋት እሷው ደወለች።

«ለካሁት» አለችኝ።

«ስንት ሆነ?»

«12.6 ይላል። ሁለት መስመር ጨምሯል። ግን እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ሁለቱን መስመር አትመኛት። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ደግሞ እሱ ይለካዋል፤ ያን ጊዜ እነግርሻለሁ።»

ያኔ እንደ ቀልድ ነበር የሰማኋት። አሁን ሳስበው ግን በዚያ ሰሞን ከሰማኋቸው ዘገባዎች ሁሉ ትክክለኛው ያ ነበር። ምን እንደለካች፣ በምን እንደለካች፣ የት ላይ ልትሳሳት እንደምትችልና መቼ እንደምታጣራ ነገረችኝ። ሁለተኛው ሰው ሲለካው 12.5 ሆነ። ደብተሩ ላይ ሁለቱም ተጽፈዋል፤ የመጀመሪያው አልተፋቀም።

እኔ የፋቅኩትን እዚህ ልጻፈው። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት በክፍላችን የቴሌግራም ገጽ ላይ «ዶፈን ፈነዳ፤ እሳቱ ወደ መተሐራ እየወረደ ነው» ብዬ የጻፍኩት ስህተት ነበር። ወደ መተሐራ የወረደ እሳት አልነበረም። ያንን አንብባችሁ ለቤተሰቦቻችሁ የደወላችሁ ካላችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እርማቱ ዘግይቷል፤ ግን ደርሷል።